የላይኛው ሰው ዕዳ

የጋይንት አገር ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ተብሎ በሁለት ስም ይጠራል። ስሙን ያወጡት አባቶቻችን የመሬቱን አቀማመጥ ለመለየት ብለው ይሆናል። ነገር ግን ከጉና ተራራ አንሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ባለው አገር፣ በጋይንትም ሆነ በስማዳ ወይም በእስቴ ለሚኖር ሕዝብ፣ ላይና ታች የሚሉት ቃላት ከአቅጣጫ ስም ያለፈ ትርጉም አላቸው። ላይ የዘነበው ታች ይወርዳል፤ ላይ የታጠበበት ታች ይጠጣል። እንግዲህ ላይኛው ሰው ለታችኛው ሰው ምን ዕዳ አለበት? በዚህ ወር ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው የገጠር ይመስላል እንጂ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ከተሞቻችንን፣ ይልቁንም በውሃ ዳር የተቆረቆሩትን ነው።

በመጀመሪያ ገጠሩ ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ እንመልከት። በደጋው አገር ደህና ምንጭ ባለበት መንደር የውሃው አጠቃቀም ሥርዓት አለው። ከምንጩ ዓይን ላይ ሰው እንስራውን ይሞላል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ከከብቱም ዝቅ ብሎ ልብስ ይታጠባል። ይህን ሥርዓት የጻፈው ዳኛ፣ የለፈፈውም አዋጅ ነጋሪ የለም። ሆኖም አንዲት ልጅ ከምንጩ ዓይን አጠገብ ጨርቅ ስትነክር ብትገኝ፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣች እናት ሁሉ ትገሥጻታለች። በመስኖ በሚታረስበትም ስፍራ የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ ይመረጥና፣ የላይኛው ማሳ ጠጥቶ ሲበቃው ለታችኛው እንዲለቅ ተራውን ይቈጣጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የመንደሩ ሰው ይህን ሥርዓት የሚጠብቀው ከከተማው ሰው ይልቅ በተፈጥሮው ደግ ስለ ሆነ አይደለም። ገጠሬውን ከልክ በላይ ማመስገን የከተማ ጸሐፊዎች ልማድ ሆኗልና እኛ ከዚህ ልማድ መራቅ እንወዳለን። ሥርዓቱ የጸናው ላይኛውና ታችኛው ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ነው። ውሃውን ያደፈረሰ ሰው በገበያ ቀን ከገበያ፣ በበዓል ቀን ከደጀ ሰላም የሚያገኘው ያንኑ የበደለውን ጎረቤቱን ነው። እፍረት ከሕግ ቀድሞ ይይዘዋል።

ጅብ ከወንዙ ላይኛው በኩል ሆኖ ሲጠጣ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አታደፍርሽብኝ» ቢላት፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታማኸኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። ይህን ተረት የማያውቅ ተማሪ የለም። ብዙ ጊዜ የምንተርተው ሰበብ ፈላጊን ለመንቀፍ ነው። ነገር ግን በተረቱ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። አህያይቱ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚወርድ ታውቃለች፤ ጅቡም ያውቃል። ጅቡ ቢዋሽ እንኳ እያወቀ ነው። የእኛ ዘመን ችግር ግን ከጅቡ ችግር የተለየ ነው፤ ላይ ሆነን ስናደፈርስ ላይ መሆናችንን ጨርሶ ረስተናል።

ይህን መርሳት ያመጣብን ቧንቧ ነው። ቧንቧ ታላቅ በረከት መሆኑን የሚክድ የለም፤ እንስራ ተሸክማ ቁልቁለት የወረደች ሴት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ ንጹሑን ውሃ ያስገባልናል፤ በወለሉም ሥር ያደፈውን ያስወጣልናል። ከመታጠቢያው ሳህን ሥር ያለችው ቀዳዳ ውሃውን ስትውጠው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ለእኛ በእርግጥ አልቋል። ውሃው ግን ጉዞውን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ታዲያ ሰው ባላየው፣ በስሙም በማያውቀው ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይጠየቃልን? ጉዳቱስ የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን መቶ ሺህ ሰው ጥቂት ጥቂት ያዋጣበት ቢሆን፣ የእያንዳንዱ በደል ምን ያህል ነው? አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «በመቶ ሺህ የተከፈለ በደል በደል አይባልም» ይላል። እንዲህ የሚለው ሰው ግን ለመቶ ሺህ ሰው የተከፈለ ጥቅም ሲታደል ድርሻውን ሳይቀበል ሲቀር አላየንም።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ እንዳንተወው ወደ ጣና እንውረድ። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ቋንቋችን ግን ሐይቁንም ባሕር ይለዋልና፣ በጣና ደቡብ ዳርቻ የተቆረቆረችውን ከተማ ባሕር ዳር ብሎ ሰየማት። ከተማይቱ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ መቀመጧ ዕድሏም ፈተናዋም ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመባት፤ በ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ጀርመናውያን ባለሙያዎች ሰፊ የከተማ ፕላን አወጡላት። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ እስከ ዛሬ የጎብኝውን ዓይን ይማርካሉ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የአማራ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን ደግሞ ሆቴሉ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ መኖሪያ ቤቱ በፍጥነት በዛ። ሕንፃው ከመሬት ሲነሣ ሁሉም ቀና ብሎ አየ። ከሕንፃው ሥር የሚወርደውን ጎንበስ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው።

ከተማይቱ በዚህ ሁሉ ዘመን ስታድግ የየቤቱን ፍሳሽ ሰብስቦ የሚያጣራ መስመር አብሯት አላደገም። አብዛኛው ነዋሪ ሲገለገል የኖረው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው። በሐይቅ ዳር ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ስለ ሆነ ጉድጓዱ በክረምት ይሞላል። የዝናብ ውሃ እንዲወርድበት የተሠራው ቦይ የማጀቱንና የመታጠቢያውን እጣቢ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ የከፋውን፣ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ ይወስዳል። የፋብሪካውም የማቅለሚያ ፍሳሽ በዓባይ ራስ ላይ ያደረሰውን ለውጥ ተመራማሪዎች ደጋግመው ለክተው ጽፈዋል።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሁሉ የጠለቀው ስፍራው 14 ሜትር ያህል ነው፤ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ቢቆምበት ከወገቡ በላይ ይታያል። እዳሪና እጣቢ እንዲህ ወዳለ ውሃ ሲገባ በመጀመሪያ በስብሶ ሲፈርስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይሻማል። ፈርሶ ካለቀ በኋላም የሚተወው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የውሃውን አረም ይቀልባል። ገበሬው በማሳው ላይ ገዝቶ የሚበትነው ማዳበሪያ በሐይቁ ውስጥ በነጻ ይታደላል ማለት ነው። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በኩል የታየው እምቦጭ እንዲህ ባለ የሰባ ውሃ ላይ የሚፋፋ አረም ነው። ይሁን እንጂ የእምቦጩን ጥፋት በባሕር ዳር ብቻ ማላከክ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የጎንደር ከተማ እጣቢ በመገጭ ወንዝ አድርጎ እዚያው ይገባል፤ የእርሻው ማዳበሪያና ደለልም በየወንዙ ይወርዳል። በሐይቁ ዳር ይበቅል የነበረው ደንገል ታንኳ ከመሠሪያነቱ ሌላ ይህን ሁሉ ከየብስ የሚወርድ እድፍ የሚያጠልል ወንፊት ነበር። ለሕንፃና ለእርሻ ሲባል ደንገሉ በተመነጠረበት ስፍራ ሁሉ ሐይቁ ወንፊቱን አጥቷል።

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገባው፤ ደስ አሰኝቶናል። የክብር ምስክር ወረቀት ግን ፍሳሽ አያጣራም። ገጣሚዎቻችንና ዘፋኞቻችንም ስለ ጣና ብዙ ብለዋል፤ ስለ ቦዩ የገጠመ ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

ከዚህ ወዲያ ዓባይን ተከትለን እንውረድ። ወንዙ ከባሕር ዳር ወጥቶ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ካለፈ በኋላ ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይገባል። በስተ ቀኙ ጎጃምን፣ በስተ ግራው ደራን፣ እስቴንና ስማዳን እያዋሰነ ከበሽሎ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ይወርዳል። እንግዲህ ባሕር ዳር ለምትለቀው ውሃ ታችኛው ሰው ማን ነው ቢባል፣ በበረሃው አፋፍ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ የሚወርደው የእስቴና የስማዳ ቆለኛ ነው። ይህ ሰው ምናልባት ባሕር ዳርን አይቷት አያውቅም። በሆቴሎቿ አላደረም፤ ከፋብሪካዋ ደመወዝ አልተቀበለም፤ ማታ ማታ መብራቷን አላየም። ከከተማይቱ ዕድገት የሚደርሰው ድርሻ ቢኖር በወንዙ የሚመጣለት ብቻ ነው።

«ዓባይ ራሱን ያጥባል» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር በንቀት ማሰናበት አይገባም፤ እውነት አለበትና። ከፏፏቴ የሚወረወርና ከድንጋይ ጋር የሚላተም ውሃ አየር ይጠጣል። አየር በጠጣ ውሃ ውስጥ ብስባሹ ቶሎ ይፈርሳል፤ ከበሽታ ተሐዋሲም ብዙው በመንገድ ይሞታል። ስለዚህ በስማዳ የታመመውን ሕፃን ሁሉ ባሕር ዳር አሳመመችው ብለን ብንጽፍ በሐሰት መመስከር ይሆንብናል። ነገር ግን ጨውና የከባድ ብረት ዝቃጭ እንደ ተሐዋሲ በመንገድ አይሞቱም። ደግሞም ወንዝ ራሱን የሚያጥበው ውሃ ሲኖረው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓባይ አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ መውጫ በመዝጊያ ተወሰነ፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ብዙውን ውሃ በዋሻ እየመራ ወደ በለስ ይወስዳል። ኤሌክትሪኩ ያስፈልገናል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን በበጋ በጢስ ዓባይ የሚወርደው ውሃ ከቀድሞው እጅግ አንሷል። የከተማይቱ ሕዝብ በበዛበት ዘመን የሚያጥባት ወንዝ አነሰ ማለት ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ወንዙ ራሱን ቢያጥብ እንኳ የእኛ ሥራ በዚህ ትክክል ሊሆን አይችልም። ወደ ገበያ መካከል ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩ ማንንም ሳይመታ ቢቀር ዕድለኛ ይባላል እንጂ ንጹሕ አይባልም። ታችኛው ሰው ከጉዳት የዳነው በፏፏቴው ከሆነ ምስጋናው ለፏፏቴው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። የለንደን ከተማ በ1858 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በበጋው ወራት በቴምዝ ወንዝ ክርፋት ምክንያት የፓርላማው ሰዎች መቀመጥ እስኪያቅታቸው ድረስ ተጨነቀች። ጆሴፍ ባዝልጌት የሚባለው መሐንዲስ የሠራላት ታላቅ የፍሳሽ መስመር ከተማይቱን ከክርፋትና ከኮሌራ አዳናት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይመሰገናል። መስመሩ ግን ፍሳሹን ሳያጣራ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ወስዶ እዚያው ወንዝ ውስጥ ነበር የሚጥለው። በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች የመንገደኛ መርከብ በዚሁ ስፍራ አጠገብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ፍሳሹ ከተለቀቀ ብዙም አልቆየም ነበርና፣ ከ600 በላይ ሰዎች በዚያ በአደፈ ውሃ ውስጥ አለቁ። ከዚህ በኋላ ዝቃጩን ለይቶ በመርከብ ወደ ባሕር መጣል ተጀመረ፤ ይህም እስከ 1998 ቆየ። እንግሊዞች በዚያን ዘመን ከዓለም ሁሉ ባለጸጎች ነበሩ። ባለጸግነታቸው ታችኛውን ሰው ራቅ ለማድረግ ጠቀማቸው እንጂ ታችኛውን ለማስቀረት ብዙ ዘመን ወሰደባቸው። ወደ ዋና ከተማችን ብንመለስም አዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያደረገችውን፣ ካገራችን ቀደምት የኃይል ማመንጫዎች አንዱ የነበረው የአባ ሳሙኤል ግድብም የከተማይቱን እድፍ ሲቀበል መኖሩን ማንም ያውቃል።

«እኛ ግን ድሆች ነን፤ መጀመሪያ ሥራና እንጀራ ይቅደም» የሚለው ክርክር ከሁሉ የበረታ ነው። በእርግጥ የፍሳሽ ማጣሪያ ውድ ነው። ነገር ግን ባለመሠራቱ ወጪው ይቀራል ማለት አይደለም፤ ከፋዩ ይለወጣል እንጂ። ሆቴሉ ሳይከፍል የቀረውን ዓሣ አጥማጁ መረቡ በእምቦጭ ሲጠላለፍበት ይከፍለዋል፤ ቆለኛውም ለመድኃኒት ይከፍለዋል። ከፋዩም ሁልጊዜ ከአስከፋዩ ይልቅ ድሃ ሆኖ ይገኛል። ድህነትን ምክንያት አድርገን የምናስከፍለው ድሃውን ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያስገርመናል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየገጠሩ ቀበሌ ተሰማርተው፣ ገበሬው በጓሮው የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቆፍር አስተምረዋል፤ ቤት ለቤት እየዞሩም ቆጥረዋል። የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ብዙ ሕፃናትን አድኗል ብለን እናምናለን። እንግዲህ የእስቴው ገበሬ ጉድጓዱ ተቆጥሮበታል፤ ክዳኑ እንኳ ተመርምሮበታል። ከሐይቁ ዳር ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያቆመው ሰው ግን ቧንቧው ወዴት እንደሚወርድ ስንት ጊዜ ተጠይቋል? ሕግ አጥተን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 300ም በካይን የሚከለክልና የሚቀጣ ነው። የጎደለን እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የምናውቀው ነገር ነው። መሬቱን አንዱ ክፍል ይመራል፤ የሕንፃውን ፈቃድ ሌላው ይሰጣል፤ የንግዱን ሌላው፤ የአካባቢውን ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ አነስተኛ በጀት ያለው ክፍል ይይዛል። ፋይሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል። ፍሳሹ ግን አይዞርም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። መቶ ሺህ ሰው የተካፈለው በደል ከባድ የሚሆነው በዚህ ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም ነዋሪው ቧንቧው ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ፕላኑን አይቶ የፈረመው ግን እንዲህ ሊል አይችልም።

እስካሁን የእስቴንና የስማዳን ሰው እንደ ታችኛ ብቻ አድርገን ተናገርን። ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ስለዚህ በዓባይ በኩል ለባሕር ዳር ታችኛ የሆነው የእስቴ ሰው፣ በጉማራ በኩል ደግሞ ላይኛዋ ነው። የጉና ጓሳና አስታ ተመንጥሮ ቁልቁለቱ ሲታረስ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጉማራ ጭቃ ሆኖ የሚወርደው የዚሁ አገር አፈር ነው። በጣና ውስጥ በሌላ ዓለም የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምቱ ሲገባደድ እንቁላላቸውን ለመጣል በጉማራና በርብ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ ይታፈናል። ዓሣውን ያሳጣው እንግዲህ መረብ ብቻ አይደለም፤ ከሐይቁ አንድ ቀን ርቆ ያረሰው ሰውም እጁ አለበት። ጉዳዩን ከተማ ገጠርን በደለ በሚል ክስ ብቻ ልንዘጋው የማንችለው ስለዚህ ነው። በደልን የተቀበለ ሰው በዚያው ቀን በሌላ ወንዝ በኩል ሰጪ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ደጋው ራሱ ከተማ እያበቀለ ነው። ንፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳ፣ አርብ ገበያ ባለ ፎቅ ቤት የሚሠራባቸው፣ የቧንቧ ውሃ በየቤቱ የሚገባባቸው ከተሞች ሆነዋል። ባሕር ዳር ከ60 ዓመት በፊት በነበረችበት ደረጃ ላይ ይገኛሉ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ለአነስተኛ ከተማ የሚበቃው የፍሳሽ ማጣሪያ ውስብስብ መኪና አያሻውም። ተከታትለው የተቆፈሩ ሰፋፊ ኩሬዎች፣ ፀሐይና ጊዜ ብዙውን ሥራ ይሠራሉ፤ ዝቃጩም በሚገባ ደርቆና ተብላልቶ ለእርሻ ይሆናል። የሚፈለገው ዋናው ነገር ከከተማው ዝቅ ያለ ሜዳ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ሜዳ እንደሚታወቀው ጥቂት ነው፤ የቦታ ምሪት ሲጀመር ቀድሞ የሚታደለውም እርሱ ነው። አንድ ጊዜ ቤት ከተሠራበት ወዲያ ካሳ ከፍሎ ማስለቀቅ ከማጣሪያው ሥራ ይልቅ የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ማዘጋጃ ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናቸዋለን። የሆቴል ወይም የትምህርት ቤት ፕላን ለፊርማ ሲቀርብላቸው ከጠረጴዛው ተነሥተው፣ ሕንፃው ከሚቆምበት ስፍራ ጀምረው ውሃው በሚወርድበት በኩል ይውረዱ፤ የመጀመሪያውን እንስራ የምትሞላ ሴት እስኪያገኙ ድረስ ይሂዱ። ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው ይህ ከግማሽ ቀን የበለጠ የእግር መንገድ አይሆንም፤ ያውም ቁልቁለት ነው።